ሸክምህን በአፍንጫህ ለካ

ልጄ፣ በርበሬ ተራ ጆንያ ተሸክመህ ከአይሱዙው እስከ መጋዘኑ ስትመላለስ አይሃለሁ። አፍህ ክፍት ነው። ጭነቱን አራግፈህ ስትቆምም፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ ተራህን ስትጠብቅም እንደተከፈተ ነው። ወጣት ነህ፤ ጉልበትህ ገና ነው፤ አሁን ምንም አይሰማህም። እኔ ግን መርካቶ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እንደ አንተ ኩንታል እያነሱ ይሮጡ የነበሩ ልጆች በጎልማሳነታቸው አንድ ፎቅ ወጥተው ግድግዳ ሲደገፉ አይቻለሁ። ሁሉም በአፍ ከመተንፈስ የመጣ ነው አልልህም፤ ሲጋራው አለ፣ የጓዳ ጭሱ አለ፣ በጊዜ ያልታከመ ሳል አለ። ብቻ በራስህ እጅ ያለውና ሳንቲም የማያስወጣህ ይሄ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር፤ አፍህን ግጠምና በአፍንጫህ ተንፍስ።

ነገሩ ቀላል መስሎ ከታየህ ዛሬ ማታ ፊትህን ሳትታጠብ በነጭ ሶፍት ተናፈጥና ሶፍቱን ዘርግተህ እየው። በርበሬ ተራ የዋለ ሰው ሶፍቱ ላይ ቀላ ያለ ቡናማ ያገኛል። ምናለሽ ተራ ብረት ሲቆርጥና በርሜል ሲቀጠቅጥ የዋለው ዝገት የመሰለ ነገር ያወጣል። አውቶቡስ ተራ ዙሪያ ሲጭንና ሲያወርድ የዋለው ደግሞ ጥቀርሻ። ይሄ ሁሉ ወደ ሳንባህ ሊወርድ ሲል መንገድ ላይ የተያዘ ነው። ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ የዋለ ሰው ሶፍቱን ነጣ ብሎ ቢያገኘው ግን ደስ አይበለው፤ አቧራው እሱንም አልማረውም፣ የገባው በሌላ በር ነው።

አፍንጫ እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው ብታውቅ ልማዱ ይጸናልሃል። ሰው ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ይገባል። ሲደማመር በቀን 10,000 ሊትር ገደማ ነው፤ ሸክም ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ነው። ይህን ሁሉ አየር መጀመሪያ የሚቀበለው መግቢያው ላይ ያለው ፀጉር ነው። የጆንያውን ቃጫ፣ የበርበሬውን ልጣጭ፣ ወፈር ያለውን አቧራ እሱ ያስቀራል። ስለዚህ ፀጉር ቤት ገብተህ የአፍንጫህን ፀጉር በሰም አታስነቅል፤ የወጣው ካስጠላህ ጫፉን በመቀስ ከርከም አድርገው፣ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ውስጥ መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። በግራም በቀኝም ከጎን ግድግዳው የወጡ፣ እርጥብ ሥጋ የለበሱ ሦስት ሦስት ጥምዝ አጥንቶች አሉ። አየሩ እነሱን እየታከከ ሲዞር ብናኙ ንፍጡ ላይ ይጣበቃል። ንፍጡም ቆሞ አይቀርም፤ በዓይን የማይታዩ ጭገሮች ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደርስና ሳታውቀው ትውጠዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። በዚያው ጉዞ አየሩ ይሞቃል፣ ይረጥባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስተህ ወደ ሥራ ስትመጣ የአዲስ አበባ ብርድ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው፤ በአፍንጫ ከሳብከው ግን ጉሮሮህ ሲደርስ ከ30 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነው። በአፍ የሳብከው ይህን ያህል ሳይሞቅና ሳይረጥብ ይወርዳል። አስም ላለበት ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፉ እየሳበ ሲሮጥ ነው ደረቱ የሚጠብበት።

ከተማችን ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ በአንድ ትንፋሽ ከሚገኘው ኦክስጅን እዚህ የሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ የመርካቶን ደረጃ ሲወጣ ቁና ቁና የሚተነፍሰው ለዚህ ነው። ታዲያ አየሩ ስስ ከሆነ አፍን በሰፊው መክፈት አይሻልም ወይ ትለኝ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን በአፍንጫ የሚገባው አየር ከአፉ የሌለ ነገር ይዞ ነው የሚገባው። በጉንጭህና በግንባርህ አጥንት ውስጥ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ሲታመሙ ብቻ «ሳይነስ አለብኝ» እያልን የምናስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች እነዚህ ቦታዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ በብዛት እንደሚያመርቱ አሳዩ። ይህ ጋዝ የደም ሥርን ያሰፋል፤ ሰውነት ውስጥ ያለውን ሥራውን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በ1998 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በአፍንጫህ ስትተነፍስ ጥቂት ጥቂት እያለ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባህ ይወርድና አየር የደረሰበትን ክፍል የደም ሥር ከፈት ያደርገዋል፤ ኦክስጅኑ ወደ ደም መሻገር ይቀልለታል። አየር ስስ በሆነበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የስዊድኖቹ ተመራማሪዎች በ2002 ደግሞ ሌላ ነገር ለኩ። አፍን ገጥሞ «እምምም» እያሉ ማንጎራጎር አፍንጫ ውስጥ ያለውን የዚህን ጋዝ መጠን 15 እጥፍ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የጆንያ አፍ ሲሰፉ ከንፈራቸውን ገጥመው የሚያንጎራጉሩትን ሽማግሌዎች አይተሃል። በሽታ ያድናል ብሎ የሚነግርህ ካለ አትመነው፤ ያን ያህል የታወቀ ነገር የለም። ደስ ካለህ ግን አንጎራጉር፤ ቢያንስ አፍህ ተገጥሞ ይውላል።

አሁን ወደ ሸክሙ ልምጣ፤ የጠራሁህ ለእሱ ነው። ሸክምህን በክንድህና በትከሻህ ብቻ አትለካው፣ በአፍንጫህ ለካው። መጀመሪያ ባዶ እጅህን ስትሄድ፣ ሜዳ ላይ፣ በአፍንጫህ ብቻ መሄድ ልመድ። አየር ያነሰህ ይመስልሃል። አላነሰህም፤ ከአፍ የጠበበ መንገድ ስለሆነ ነው፤ ትንፋሹ ዝግ ብሎ ወደ ታች ወደ ሆድህ ድረስ እንዲወርድ የሚያደርገውም ይኸው ጥበቱ ነው። እሱ ሲለምድልህ ቀለል ያለ ጭነት ይዘህ ሞክር። እርምጃህን ከትንፋሽህ ጋር አስማማው፤ ስታስገባ ሁለት ከተራመድክ ስታስወጣ ሦስት ተራመድ። ኩንታሉን ብድግ ስታደርግ ትንፋሽህን አፍነህ አትያዝ፤ እያስወጣህ አንሳ።

ከባዱን ስትሸከም ወይም ዳገት ስትይዝ አፍህ ይከፈታል፤ ይከፈት። ሰውነት የሚፈልገው አየር በጣም ሲበዛ አፍን መጨመሩ ተፈጥሮ ነው። እንጦጦና ሱሉልታ የሚለማመዱትን ሯጮቻችንን ብታያቸው ፍጥነት ሲጨምሩ አፋቸው ክፍት ነው። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጭነቱን እንዳወረድክ አፍህን ግጠም። ትንፋሽህ በአፍንጫ ብቻ እስኪበቃህ ድረስ ሌላ ጆንያ አትንካ። ቆመህም አልሰበሰብ ካለህ ወይ ጭነቱ በዝቷል ወይ ፍጥነቱ በዝቷል። ባለ ዕቃው «ቶሎ በል» ይልሃል፤ መኪናው መንገድ ዘግቶ ቆሟል፣ ትራፊክ መጣ ይልሃል። እውነቱን ነው። አንተም ያለህ ሳንባ አንድ ነው፤ አጠገብህ ካለው ልጅ ጋር ተቀያየር። በተለይ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ሲቆም፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ካርቶን አውጣ ስትባል፣ በየፎቁ ቆም በልና አፍህን ገጥመህ ትንፋሽህን ሰብስብ። ይህን የሚያደርጉ ተሸካሚዎች ሲመሽ ከሌሎቹ ያነሰ አይሸከሙም፤ እንዲያውም ጠዋት ከሚሮጡት ይልቅ ማታ ላይ እነሱ ናቸው ቆመው የሚገኙት።

በርበሬ የሚቀነጥሱትን ሴቶች ደግሞ ልብ ብለህ ተመልከታቸው። ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። የቆዩት ብዙ አያወሩም። አዲሷ ልጅ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ስትስቅና ስታወራ ወዲያው ሳል ያጣድፋታል። በርበሬውን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ነው። የአየር ቧንቧ ላይ ሲያርፍ ሳል ይቀሰቅሳል፤ ሐኪሞች ራሳቸው የሳልን ጠባይ ለማጥናት ሲፈልጉ ለሰው ካፕሳይሲን በልኩ ያስተነፍሳሉ። ያው ብናኝ አፍንጫህ ውስጥ ሲያርፍ ግን ያስነጥስሃል፣ ዓይንህን ያስለቅስሃል፣ ታወጣዋለህ፤ «ይማርህ» እንልሃለን፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ያሉት አባቶች እዚህ ተራ ቢውሉ ኖሮ በርበሬውንም ይጨምሩ ነበር።

አፍንጫ ሁሉን ያስቀራል ብዬ ግን አላታልልህም። ወፍራሙን አቧራ አብዛኛውን ይይዛል። የናፍጣ ጭስና የብየዳ ጭስ ውስጥ ያለው ብናኝ ግን እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ብዙው አልፎ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ነጠላም ጨርቅም ይህን አይዘውም፤ ኤን95 የሚባለው ማስክ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ የተነሳ ሞተር ጭስ ማውጫ አጠገብ አለመቆም ነው። ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ «ኅዳር ሲታጠን» በሚባልበት ቀንም እንዲሁ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከጨረሰ ወዲህ የመጣ ነው፤ ጽዳቱ ጥሩ ነው፣ ላስቲክና ጎማ የሚቃጠልበት ጭስ ግን መድኃኒት አይደለም። ቲቢም እንደዚሁ ነው፤ ከታማሚ ሳል የሚወጣው ጠብታ ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫ አያግደውም። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል ያለው ሰው «ብርድ መቶኝ ነው» እያለ አብሮህ አንድ ክፍል ውስጥ አይደር፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

ነገ ነጋዴ መሆን ካሰብክ ደግሞ አፍንጫህ መሣሪያህ ነው። ከሀላባ ይሁን ከማረቆ የመጣ በርበሬ ጆንያው ሲፈታ ጥሩ ገዢ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል። እርጥበት የነካው በርበሬ ከላይ ቀልቶ ከውስጥ ሊሻግት ይችላል፤ የሻጋታው ጠረን ቀድሞ ይነግርሃል። ሻጋታ ያለበት በርበሬ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ነገሩ የዋጋ ብቻ አይደለም። ኮረሪማውም፣ ቅቤውም፣ ጥቁር አዝሙዱም በማሽተት ነው የሚታወቀው። ሁልጊዜ በአፉ የሚተነፍስ ሰው ሽታው ወደሚታወቅበት ወደ ላይኛው የአፍንጫ ክፍል አየር አይደርስለትም።

ሌሊቱን አትርሳ። ስትነቃ አፍህ ደርቆ፣ ምላስህ ላንቃህ ላይ ተጣብቆ ካገኘኸው አፍህን ከፍተህ ነው ያደርከው። ምራቅ ጥርስን የሚጠብቅ ነው፤ አፍ ሲደርቅ ጥርሱ ይቦረቦራል፣ ትንፋሹ ይሸታል። ጫት ላይ የምታመሽ ከሆነ ደግሞ ጫቱም አፍ ያደርቃል፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ሲጨመርበት ጥርስ አይተርፍም። ማንኮራፋትም አፍ ተከፍቶ በጀርባ ሲተኛ ይብሳል። በጎንህ ተኛ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ በድንጋጤ የሚባንን፣ ቀን ደግሞ ጆንያ ላይ ተደግፎ የሚያንቀላፋ ጓደኛ ካለህ ቀልድ አታድርጉበት፤ በሽታ ነው፣ የደም ግፊትም ያስከትላል፤ ሐኪም ይየው። በቲክቶክ አይተው አፋቸውን በፕላስተር አሽገው የሚተኙ ወጣቶች እንዳሉ ሰምቻለሁ። አፍንጫህ ታፍኖ እያለ ወይም ጠጥተህ ገብተህ ይህን እንዳታደርግ አደራ እልሃለሁ። አፍን በግድ ከማሸግ በፊት አፍንጫ የተዘጋበትን ምክንያት መፈለግ ይቀድማል።

ቤትህ ሕፃን ካለ ይህን በተለይ ስማኝ። አራስ ልጅ እየጠባ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። ጉንፋን አፍንጫውን ሲደፍነው ጡት ይዞ ይለቃል፣ ያለቅሳል፤ እናቱ ወተቴ ነጠፈ ብላ ትጨነቃለች። አፍንጫው ተጠርጎ፣ ከፋርማሲ የተገዛ የጨው ውኃ ጠብታ ቢደረግለት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ጉንፋን ሳይኖረው ማታ ማታ ካንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ ከተኛ፣ ቀንም አፉ ካልተገጠመ፣ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው እጢ አብጦ መንገድ ዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ከቆየ የጥርሱን አሰካክና የፊቱን አጥንት ዕድገት ሳይቀር ሊለውጥ ይችላል፤ ጆሮውንም ያውካል፤ እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ ትምህርት አይገባውም። አሁንም በየሰፈራችን እንዲህ ያለውን ልጅ «እንጥሉ ወርዷል» ብለው ለቆራጭ የሚሰጡ አሉ። እንጥል መቁረጥ የታፈነ አፍንጫ አይከፍትም። በማይጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ልጅ ደሙ አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ በመንጋጋ ቆልፍ ተይዞ ሊሞት ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን እንዲህ ያለውን ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ያስቀጣል። አያቱ ቢቆጡ እንኳ አንተ አባቱ ነህና ቁም፤ ልጁን አታስነካ።

አፍንጫህን በንጽሕና ያዝ። አንዋር መስጊድ ለሶላት የሚገቡ ወንድሞቻችን ውዱእ ሲያደርጉ ውኃ ወደ አፍንጫቸው ስበው ያወጣሉ፤ በዚህ አቧራ ውስጥ ለሚውል ሰው በቀን አምስት ጊዜ መታጠብ ትልቅ ነገር ነው። አንተም ከሥራ ስትወጣ እጅህን በሳሙና ታጠብና የአፍንጫህን ደጃፍ በንጹሕ ውኃ አጽዳ፣ አንዱን ቀዳዳ ይዘህ ሌላውን ቀስ አድርገህ ተናፈጥ። ጠለቅ አድርገህ ማጠብ ከፈለግህ ግን የቧንቧ ውኃ እንዳለ አትጠቀም፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ አንድ ብርጭቆ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ሟሙቶበት ይሁን። ጉንፋን ሲይዝህ የዳማከሴውን ጠረን ሳበው፣ ጭማቂውን ግን ወደ ውስጥ አታንጠብጥብ። በባሕር ዛፍ መታጠንም ያቀላል፤ ልጆችን የፈላ ውኃ አጠገብ አታስጠጋ። አፍንጫ የሚከፍተውን የፋርማሲ ጠብታ ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ አትጠቀምበት። ሲቆይ እሱ ራሱ መልሶ ይደፍነዋል፤ ሰው ይህን ሳያውቅ ብልቃጥ በብልቃጥ እየተካ ዓመት ያሳልፋል።

አንዱ ቀዳዳ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ እያለ በየጥቂት ሰዓቱ ቢፈራረቁ አትደንግጥ፤ የጤነኛ ሰው አፍንጫ እንዲሁ ነው፣ በተራ ነው የሚያርፈው። አንዱ ጎን ብቻ ሁልጊዜ ከታፈነ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከወጣው፣ ሽታ ማወቅ ካቆምክ፣ ወይም ይህን ሁሉ ሞክረህ አፍህን ገጥመህ መቀመጥ ካቃተህ ግን መከራ አትቁጠር። አጥንቱ ጠሞ ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ ሥጋ በቅሎ ወይም አለርጂ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ሕክምና አላቸው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሪፈር እንዲጽፉልህ ጠይቅ። ጳውሎስ ሆስፒታል ከዚህ ሩቅ አይደለም። የጤና መድን ደብተርህ መታደሱን አይተህ፣ ሥራ በሚቀንስበት ቀን፣ ጠዋት በጊዜ ሂድ፤ የቀን ገቢህ የሚቀርብህ ከሆነ ለኔ ንገረኝ፣ ከባለ ዕቃው ጋር እኔ እነጋገራለሁ።